አዲስ አበባን ሁለት ሆነን አየናት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)






የተሰጠኝ ርእስ «በአዲስ አበባ ከተማ የታወቁ ስፍራዎችን ስለ መጐብኘት» የሚል ነው። ርእሱን የሰጡኝ የአማርኛ መምህራችን ናቸው። በ2017 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ወደ ዋናው ከተማችን ሄጄ መመለሴን ሰምተው «ያየኸውን ንገረን፤ ያላየኸውን ግን ከመጽሐፍ አትጨምርብን» ሲሉ አስጠንቅቀውኛል። ማስጠንቀቂያቸውን እንደ ተቻለኝ እጠብቃለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱንና ቁጥሩን ግን ከመጽሐፍ መውሰዴን ከወዲሁ እናዘዛለሁ።

የልጅነት ትምህርቴን የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ከክፍሉ ግድግዳ ላይ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር፤ ሰዓት ያለበት ረጅም ማማው ጐልቶ ይታያል። እኔም በልጅነት አእምሮዬ በኢትዮጵያ ያለ ሰው ሁሉ የእጅ ሰዓቱን የሚሞላው ያንን ሰዓት እያየ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዞ ያደገ ልጅ አዲስ አበባን ለማየት ምን ያህል እንደሚመኝ እናንተው ገምቱት።

የሄድሁት ብቻዬን አይደለም። በአንድ ዴስክ ሦስት ዓመት አብሮኝ የተቀመጠ ጓደኛዬ አብሮኝ ነበረ። ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል። አሁን በመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ዘወር ዘወር እያላችሁ አትፈልጉት። ይህንን ንግግር አስቀድሞ አንብቦታል፤ ስለ እርሱ የተጻፈውንም ሁሉ ፈቅዶልኛል። እርሱ የተወለደው በሰሜን ተራሮች ላይ፣ ግጭ በሚባለው መንደር ነው። ቤተ ሰቦቹም ከመንደሩ ሰው ጋር ወደ ደባርቅ የወረዱት በ2008 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረ። ይህንን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ስለምመለስበት ነው።

የመንገዱ ገንዘብ የተገኘው በእኔ በኩል ከአባቴ ገብስ፣ በእርሱ በኩል ደግሞ ከአጎቱ በቅሎ ኪራይ ነው። ከደባርቅ ተነሥተን ዳባትን አልፈን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጎንደር ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ አገኘነው። ያን ጊዜ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት የቆየበት ወቅት መሆኑን ወላጆቻችን ታውቁታላችሁ፤ እናቴም እስክመለስ ድረስ እንቅልፍ እንዳልነበራት ነግራኛለች። ሦስት ቀን ጎንደር ተቀምጠን በአራተኛው ቀን ጕዞ ጀመርን። ስለ ጎንደር ምንም አልናገርም። ጎንደር ራሷ አንድ ሙሉ ንግግር ስለምትፈልግ ሌላ ተማሪ ይናገርላት።

በባሕር ዳር በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻገርን። ጎጃምን አቋርጠን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር በአውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ዓይናቸውን ይሸፍኑ፣ ሽማግሌዎቹም ያማትቡ ጀመር። ከፊታችን የተቀመጠ አንድ የከተማ ሰው ዘወር ብሎ «ልጆች፣ አትፍሩ፤ ሾፌሩ መንገዱን ያውቀዋል» አለን። ጓደኛዬና እኔ ተያይተን ሳቅን። ሊማሊሞን በጭነት መኪና አናት ላይ ተቀምጦ የወረደ ሰው በምን ይፈራል? የዓባይ ሸለቆ ትልቅ ነው፤ ውበቱንም አልክድም። ዳሩ ግን ከወልቀፊት አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው በሌላ ገደል መደንገጡን ይተዋል።

ሱሉልታን አልፈን እንጦጦ ላይ ስንደርስ መሽቶ ነበር። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በጉም ተሸፍኗል። ያው የከተማ ሰው ኮቱን እየቈለፈ «እዚህ ብርዱ አይቻልም» አለ። እኛ ሸሚዛችን እንደ ተከፈተ ነበረ። ከታች መብራቱ ሲታይ ግን ሳቃችን ጠፋ። መብራቱ ዳር የለውም። ከሰሜን ተራራ ላይ ሆኖ ማታ ቁልቁል የሚያይ ሰው አንድ እሳት እዚህ፣ አንድ እሳት እዚያ ነው የሚያየው፤ እያንዳንዱም እሳት የማን ቤት እንደ ሆነ ይታወቃል። በዚህኛው ግን የማን እሳት የማን እንደ ሆነ የሚነግረን ማንም አልነበረም።

ያረፍነው በአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ የዳባት ልጅ ናት። ወደ አዲስ አበባ ከሄደች አርባ ዓመት ይሆናታል። ከዚህም ውስጥ አብዛኛውን ዘመን የኖረችው በፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ በተባለው ሰፈር፣ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለአዲሱ የመንገድና የአካባቢ ልማት ሲፈርስ እርሷም ከጎረቤቶቿ ተለይታ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዳ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገባች። እኛም በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ራስ ላይ ተኛን። ጓደኛዬ ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ ጣት ሲራመድ አገኘሁትና «ምን ሆንህ?» ብለው «ከታች ያሉት እንዳይሰሙኝ ነው» አለኝ።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ስለ ነበረ በቤቱ ሥጋ የሚባል ነገር አልነበረም። ይህም ለእንግዳዬ እጅግ ተመቸ፤ አክስቴ የእስላም ሥጋ ከወዴት ላምጣ ብላ ሳትጨነቅ፣ እርሱም ይሉኝታ ሳይዘው፣ አሥር ቀን ሙሉ በሽሮና በጎመን አንድ ማዕድ በላን።

አሁን ወደ ርእሴ እገባለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ የሄድነው ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ድንቅነሽን ለማየት። በኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠረችው ድንቅነሽ በመጽሐፋችን ላይ ያለች መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ግን እንዲህ ትንሽ ትሆናለች ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ ቁመቷ ከትንሿ እኅቴ ያንሳል። ለሕዝብ የሚታየውም ከእውነተኛው አጥንት የተቀዳ ቅጂ ሲሆን እውነተኛው በጥንቃቄ ተቀምጦ ይኖራል። ጓደኛዬ መስታወቱን ጠጋ ብሎ ብዙ ጊዜ ቆየ። «ምን ታያለህ?» ብለው «ከቤቷ ይህን ያህል ርቃ መጣች» ብሎ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ወጥተን የየካቲት 12ን የሰማዕታት ሐውልት አየን። በ1929 ዓ.ም. የተፈጸመው ግፍ ዙሪያውን በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ስለሚታይ ብዙ መናገር አልተቻለንም፤ ዝም ብለን አንድ ጊዜ ዞርነው። አራት ኪሎ የሚገኘው ሐውልት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የነጻነት ቀን መሆኑን የሚያስታውስ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ በሚያዝያ ነጻ ስትወጣ በእኛ አገር፣ እዚሁ ከደባርቅ በላይ በወልቀፊት ምሽግ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በከተማው እልል ሲባል አያቶቻችን ገና ከገደሉ ሥር ጠመንጃ ይዘው ነበሩ ማለት ነው። ይህንን ለጓደኛዬ ስነግረው የታሪክ መምህራችን ድምፅ እንደሚወጣኝ ነገረኝ፤ እኔም እንደ ምስጋና ቈጥሬዋለሁ።

የአፍሪካን አዳራሽ ያየነው ከአጥሩ ውጭ ሆነን ነው። በ1953 ዓ.ም. ተሠርቶ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የሠላሳ ሁለት ነጻ የአፍሪካ አገሮች መሪዎችና ልዑካን የአፍሪካን አንድነት ድርጅት የመሠረቱበት አዳራሽ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ታድሶ እንደ ገና ተከፍቷል። የታላቁን ሠዓሊ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ሥዕል ውስጥ ገብቶ ለማየት አስቀድሞ መመዝገብ እንደሚያስፈልግ ሳናውቅ ሄድን። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ሁሉ ከእኛ ሞኝነት ተማሩ።

በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖልን ምስል ግን እንደ ልባችን ዳሰስነው። ዋናው መድፍ በመቅደላ አምባ ላይ ነው ያለው፤ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። በጋፋት ቀልጦ የተሠራውም በሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ነው። ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ እንዲሠሩ የተገደዱትን መምህራን ሳስብ፣ በልጅነቴ ያስተማሩኝ የሚስዮን መምህራን ከንጉሡ ዘመን ባለመኖራቸው ዕድለኞች ናቸው እላለሁ።

በዚያ አደባባይ መድፉን ለልጆቹ የሚያሳይ አንድ አባት ከየት እንደ መጣን ጠየቀን። «ከደባርቅ» ብንለው እጅግ ደስ አለው። «እንግዲያውስ ቴዎድሮስ የነገሠባትን ደረስጌ ማርያምን እናንተ ናችሁ የምታውቋት፤ ለልጆቼ እስቲ ንገሯቸው» አለን። እኔ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጇት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው መንገሣቸውን አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ትንሹ ልጅ ግን «ቤተ ክርስቲያኗ ምን ትመስላለች?» ብሎ ጠየቀኝ። አላየኋትም። ጃናሞራ ከእኛ የእግር መንገድ ነው፤ እኔ ግን ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዤ የመጣሁት የመድፏን ምስል ለማየት ነው። ልጁን «ክብ ናት» ብዬ አለፍሁት። ክብ መሆኗን በእርግጥ የማውቅ አልነበርሁም።

በሌላው ቀን መርካቶ ገባን። አክስቴ ገንዘባችንን ከሸሚዛችን ውስጥ በኩል በመርፌ ሰፍታልን ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሌባ ሊወስደው ቀርቶ እኛም ራሳችን ማውጣት አቅቶን ያለ ምሳ ዋልን። ቀኑ ዓርብ ስለ ነበረ ጓደኛዬ በታላቁ አንዋር መስጊድ ሊሰግድ ገባ። እኔ ከውጭ ጫማውን ይዤ ስጠብቀው ሦስት ሰው ስንት እንደምሸጠው ጠየቀኝ። የመጨረሻው ያቀረበልኝ ዋጋ ጥሩ ነበር፤ ጓደኝነት ከለከለኝ እንጂ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡርም ተሳፍረናል። ስለ እርሱ የምናገረው ብዙ የለኝም፤ ሰው ጢም ብሎ ስለ ነበረ ያየሁት የፊተኛውን ሰው ጀርባ ብቻ ነው።

የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ቁመቱ 209 ሜትር ነው። ፎቁን ልንቈጥር ሞክረን አንገታችን ታመመ። እኔ አፌን ከፍቼ ስደነቅ ጓደኛዬ «የጅንባር ፏፏቴ ከዚህ ሁለት እጥፍ ይበልጣል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጅንባር ቁመቱ 500 ሜትር ያህል ነው። «ቢሆንም ጅንባርን ሰው አልሠራውም» አልሁት። «ለዚህ እኮ ነው» አለና ዝም አለ። የሆነ ሆኖ ከሕንፃው ፊት ቆመን በየተራ ፎቶግራፍ ተነሣን። ፎቶግራፉ በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

በነገራችን ላይ በከተማው ውስጥ ዋልያን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በብሔራዊ ቡድኑ መለያ ስምነትና በቢራ ጠርሙስ ላይ። «የሰሜን ልጅ ነኝ» ባልሁ ቍጥር ሰው ሁሉ «ዋልያ አይተሃል?» ይለኛል። ከደባርቅ እስከዚያ ቀን ድረስ ርቄ ወደ ተራራው ወጥቼ ስለማላውቅ «አዎን» እያልሁ ስዋሽ ከረምሁ። በዓለም ላይ ከእኛ ተራራ በቀር ከየትም የማይገኝ እንስሳ መሆኑን ግን ሁልጊዜ እጨምርላቸው ነበር፤ እርሱ ከመጽሐፍ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ እስካሁን የተናገርሁት ማንም ሄዶ ሊያየው የሚችለውን ነው። ይህንን ንግግር ለማድረግ ፈቃደኛ የሆንሁት ግን አሁን ስለምነግራችሁ አንድ ማታ ነው።

ከመመለሳችን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አክስቴ «ፒያሳንስ እኔው ራሴ ነኝ የማሳያችሁ» አለችና አብራን ወጣች። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ገብተን ተመለከትን፤ ትልቅ ነው፤ ልብንም ከፍ ያደርጋል። እኔ የእቴጌ ጣይቱ ነገር ሲነሣ እንደ ልማዴ ታሪክ አወራሁ፤ አዲስ አበባን በዚህ ስም የጠሯት እቴጌይቱ መሆናቸውን፣ አባታቸው ራስ ብጡልም የደጃዝማች ውቤ ወንድም ስለ ሆኑ ዘራቸው ከሰሜን መሆኑን ተናገርሁ። አክስቴ «እንግዲያው ከተማዋ የእኛው ናታ» ብላ ሳቀች።

ስንወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ዝናቡ አባርቶ አዲሱ ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃው፣ አበባው፣ የመንገድ መብራቱ ሁሉ ታጥቦ ያበራል። ወጣቶች ተሰብስበው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። እኔም እጅግ ወድጄው «በመጽሐፍ እንደማየው የውጭ አገር ከተማ ነው» አልሁ። ጓደኛዬ ግን ወደ አክስቴ ዘወር ብሎ «እማማ፣ ቤትዎ የት ላይ ነበር?» ሲል ጠየቃት።

አክስቴ ዙሪያውን ተመለከተች። የምታውቀው አንድ ግንብ፣ አንድ ዛፍ አልቀረም። ጥቂት ከሄደች በኋላ ቆመች፤ ተመለሰችም። «ምልክት የለኝም» አለች። ከዚያም ዓይኗን ጨፈን አድርጋ «በሬን ስከፍት የጊዮርጊስ ደወል በቀኝ ጆሮዬ ነበር የሚመጣው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ በግራዬ» እያለች እንደ ዕውር በእግሯ እየዳበሰች ጥቂት እርምጃ ሄደች። ከአበባው መደብ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። «ምጣዴ እዚህ ነበር» አለች። «ከዚህ እስከዚህ ደግሞ አልጋዬ። ውኃው ከዚያ ማዶ ነው፤ ለአሥራ አንድ ቤት አንድ ቧንቧ።»

ይህንን እየተናገረች ሳለ አንድ ወጣትና አንዲት ልጃገረድ ፎቶግራፍ ሊነሡ መጡ። አበባው በጀርባቸው እንዲሆን ፈልገው ነው። ወጣቱም በትሕትና «እማማ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አላት። አክስቴም «እሺ የኔ ልጅ፣ ተነሡ፣ ተነሡ፤ ቦታው ያምራል» ብላ ከምጣዷ ላይ ፈቀቅ አለች።

ከመንገዱ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ብዙ ጊዜ ማንም አልተናገረም። በኋላ ጓደኛዬ፣ ሦስት ዓመት በአንድ ዴስክ ስንቀመጥ ያልነገረኝን ነገር ለአክስቴ ይነግራት ጀመር።

ከግጭ የወረዱ ዕለት እናቱ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ለወንዶቹ ትታ ሦስቱን ጉልቻ ራሷ በበቅሎ ላይ ጫነች። አባቱ «ደባርቅ ድንጋይ የለም ወይ?» ብለው ቢቈጧት «ይህን እሳት ያውቀዋል» አለቻቸው። ዛሬም በደባርቁ ቤታቸው እሳት የሚነደው በእነዚያ ጉልቻዎች መካከል ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በዕረፍት ጊዜ ከአጎቱ በቅሎዎች ጋር የሀገር ጐብኚዎችን ዕቃ ጭኖ ወደ ተራራው ወጣ። በግጭ አደሩ። ጠዋት አንዲት ጐብኚ ሴት በሣሩ መካከል የቀረውን የድንጋይ ካብ ፎቶግራፍ ካነሣች በኋላ ወደ እርሱ መጥታ «ይህ ምንድን ነው?» አለችው።

«እኔም የከብት በረት ነው አልኋት» አለ ጓደኛዬ።

አክስቴ «ምን ነበረ?» አለችው።

«የእኛ ቤት ነው፤ እማማ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሃት?»

ጓደኛዬ ሣር ነቅሎ በእጁ ያሽ ነበር። «ቤት ነበር ብላት ታዝናለች። ካዘነች ደግሞ ምን እንደምላት አላውቅም። ለማየት ነው የመጣችው።»

አክስቴ ወደ አበባው ተመለከተች። ወጣቶቹ ሄደው ሌሎች መጥተው ነበር። «እኔስ ለእነዚያ ልጆች መቼ ተናገርሁ?» አለች። ከዚህም በኋላ እርሱ ስለ ግጭ፣ እርሷ ስለ ዶሮ ማነቂያ ይጨዋወቱ ጀመር፤ ማን የማን ጎረቤት እንደ ነበረ፣ አሁን ማን ወዴት እንደ ሄደ፣ ቡና ማን ዘንድ ይጠጣ እንደ ነበረ። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ የምናገረው አንድም ነገር አልነበረኝም። ደባርቅ ከተወለድሁበት ቤት ዛሬም ነው የማድረው።

ወላጆቼና መምህራኖቼ እንዳይሳሳቱብኝ እፈልጋለሁ። መንገዱ ባልተሠራ፣ ሰፈሩም እንደ ነበረ በቀረ አላልሁም። አክስቴ ራሷ አሁን የራሷ ውኃና መጸዳጃ ያላት መሆኑን ስትናገር ደስ እያላት ነው፤ የሚያስለቅሳት የእንጀራ ደንበኞቿ መቅረትና ስትታመም በር የሚያንኳኳ ሰው ማጣቷ ነው። የሰሜንም ነገር እንደዚሁ ነው። ፓርካችን በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከብቱና እርሻው ለዋልያው ሣርና ማደሪያ አላስተረፈለትም ነበር። በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ የወጣው እንደ ጓደኛዬ ያሉ ሰዎች ቦታውን ስለ ለቀቁለት ጭምር ነው። ሣሩ መመለሱን እርሱ ራሱ አይቷል፤ «ያምራል» ይላል፤ አክስቴ ባለችበት ድምፅ።

ነገር ግን ያን ማታ ራሴን ታዘብሁ። አሥር ቀን ሙሉ በየታወቀው ስፍራ እየቆምሁ ቁመቱ ስንት ነው፣ የተሠራው መቼ ነው ስል ነበር። ከዚህ ቀደም እዚህ ማን ነበረ ብሎ የጠየቀ ከሁለታችን አንዱ ነው፤ እኔ አይደለሁም። እኛ በቆምንበት አካባቢ የቀድሞው ሰፈር ስም የተጻፈበት ሰሌዳም አላየንም። ባለቤቷ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ እኔ ግን አበባውን አደንቅ ነበር።

ዘንድሮ ከገና በኋላ የጂኦግራፊ መምህራችን ክፍላችንን ወደ ፓርኩ ይዘውን መውጣታቸውን ታስታውሳላችሁ። ከሳንቃበር ተነሥተን በእግር ሄድን፤ ጅንባርን አየን፤ ጭላዳዎቹም ሣር እየነቀሉ በመካከላቸው አሳለፉን። ዋልያ ግን አላየንም። ጠባቂው ትኩስ በጠጡን ቢያሳየን በዚያው ረካን። ግጭ ስንደርስ መምህራችን ስለ ከፍታውና ስለ አየሩ ጠባይ አስረዱን፤ ሁላችንም በደብተራችን ጻፍን። ከዚያ አንዱ ተማሪ ከሣሩ ውስጥ ያለውን ካብ አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ።

ጓደኛዬን አየሁት። እርሱም አየኝ። ከዚያም ወደ ካቡ ሄደ፤ ገባም፤ መግቢያው በነበረበት በኩል እንጂ በፈረሰው በኩል አልገባም። «በሩ ይህ ነው» አለ። «እናቴ የምትጋግርበት እዚህ። ጥጃ የሚያድርበት ያ ነው። እኔ የተወለድሁት ደግሞ እዚህ ጥግ ላይ ነው።» ሠላሳ ስምንት ተማሪ ዝም አለ። መምህራችንም ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ልጅ «ጉልቻዎቹስ?» ብላ ጠየቀችው፤ የሴት ልጅ ዓይን ምንም አያልፈውም። «ደባርቅ ናቸው፤ ቡና ለመጠጣት ከመጣችሁ ታዩአቸዋላችሁ» አለ።

ስንመለስ ወደ ኋላ ጠርቶኝ «በባንኩ ሕንፃ ፊት እንዳነሣኸኝ አድርገህ አንሣኝ» አለኝ። እጁን በወገቡ ላይ አድርጎ ቆመልኝና አነሣሁት።

ሁለቱም ፎቶግራፎች በግድግዳው ላይ ጐን ለጐን ተለጥፈዋል። ስትወጡ በስተግራ ታገኟቸዋላችሁ። በሁለተኛው ላይ ከእግሩ ሥር ጥቁር ሆኖ የሚታየው ጥላ እንዳይመስላችሁ፤ የምድጃው ቦታ ነው፤ ሣሩ እስካሁን አልበቀለበትም።